ለጥምቀት ቀሚስ ላሰፋ ነው፤ ኮርሴት፣ ሜርሜድ ወይስ ኬፕ? እርዱኝ

ጠይሟ እናት፦

ሰላም እህቶች። ወንድሞችም ካላችሁ ሰላም፣ ለማሾፍ ከሆነ ግን እለፉኝ።

ለጥምቀት የሐበሻ ቀሚስ ላሰፋ ብዬ ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ባዶ እጄን ተመለስኩ። ጨርቅ አጥቼ እንዳይመስላችሁ፣ በዝቶብኝ ነው። የዘንድሮውን ፋሽን ሁሉ በየሱቁ በር ላይ አሻንጉሊት ለብሳው ቆማለች። አንዱ ወገቡ በኮርሴት ጥብቅ ያለ ነው። አንዱ እስከ ጉልበት ተጣብቆ ከዚያ በታች እንደ ዓሣ ጅራት ይበተናል፣ ሜርሜድ የሚሉት። ሌላው ከትከሻው ላይ እስከ ወለል የሚወርድ ኬፕ አለው። እጅጌው እንደ ፊኛ የተነፋም አለ። ሁሉም ያምራል። አሻንጉሊቷ ላይ ማለቴ ነው። አሻንጉሊቷ ደግሞ አልወለደችም።

እኔ ወልጃለሁ። ዕድሜዬ 34፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ56። ሁለተኛዋን ከተገላገልኩ 7 ወር ሆነኝ፣ ገና አጠባለሁ። ቦርጭ አለኝ፣ አልደብቅም። ትከሻዬ ሰፊ ነው፣ ዳሌ የሚባል ነገር የለኝም፣ እግሬ ደግሞ ስንጥር ነው። እናቴ "ዣንጥላዬ" ትለኛለች። በፍቅር ነው፣ ግን ትለኛለች።

የሰፊዎቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ምንም ብጠይቅ መልሱ "ያምርብሻል" ነው። ኮርሴቱስ? ያምርብሻል። ሜርሜዱስ? በጣም ያምርብሻል። አንዱማ "ሁለቱን ቀላቅዬ ልሥራልሽ" ብሎኝ አረፈው።

የምፈራው ዝም ብዬ አይደለም። አምና ለእህቴ መልስ ስልክ ላይ ያየሁትን ትከሻው የተገለጠ ቀሚስ አሰፋሁ። ፎቶውን ለልብስ ሰፊው አሳየሁት፣ ቁርጥ እሱኑ አመጣው፣ ስፌቱ ላይ እንከን አላወጣለትም። ግን ቀኑን ሙሉ እየወረደብኝ ስጎትት ዋልኩ። በአንድ እጄ በላሁ፣ በአንድ እጄ ጨፈርኩ። አልበሙን ብታዩ በሁሉም ፎቶ ላይ እጄ ደረቴ ላይ ነው፣ ቃለ መሐላ የምፈጽም ነው የምመስለው። ከዚያ ወዲህ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ቀረ።

አሁን በጀቴ ለአንድ ቀሚስ ነው። ከተራ ዕለት ታቦት አጅቤ እስከ ጃንሜዳ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ሕፃኗን ይዤ። ጥር ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰርግ አለብኝ፣ እዚያም እሱኑ ነው የምለብሰው። ከአዲሱ ነገር የቱ ነው እኔ ላይ የሚሄደው? አሮጊት መምሰል አልፈልግም። አሻንጉሊቷን መምሰል እንደማልችልም አውቄዋለሁ።


ሽክ በይ፦

ኮርሴት! ይሄ ምን ይጠየቃል። ቦርጩን ጭምቅ አድርጎ ይይዝልሻል። እኔ አምና ለገና አሰፍቼ ያየኝ ሁሉ "እንዴት ከሳሽ!" ሲለኝ ዋለ።


የጉለሌ ልጅ፦

ስትቀመጪስ?


ሽክ በይ፦

አልተቀመጥኩም።


የጉለሌ ልጅ፦

ዶሮ ወጡንስ?


ሽክ በይ፦

ቆሜ በላሁ። እሺ፣ ሦስት ጉርሻ። ስልሳ ዓይነት ምግብ ቀርቦ ሦስት ጉርሻ በልቼ ገባሁ፣ ደስ አለሽ?


የጉለሌ ልጅ፦

ተረቱ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ነው የሚለው። ያንቺ ኮርሴት ግን ለጥምቀት ሆኖም አንድ ትልቅ ጉርሻ ብትጎርሺ ይበጣጠሳል።


ዝም አይነቅዝም፦

ለምን ባልሽን አትጠይቂም? የሚያይሽ እሱ አይደል።


ጠይሟ እናት፦

ጠየቅኩት። ሦስት ፎቶ አሳየሁት። በደንብ አይቶ "ነጩ ጥሩ ነው" አለኝ። ሦስቱም ነጭ ናቸው።


ባለመርፌው፦

እህቴ፣ እኔ ራሴ ልብስ ሰፊ ነኝ። 18 ዓመት ሆነኝ። "ያምርብሻል" ከሚሉትም አንዱ ነኝ። በዓል ሲቀርብ ሰው ተሰልፎ ይቆማል፤ ከአንዷ ጋር "ይሄ አንቺ ላይ አይሄድም" እያልኩ ግማሽ ሰዓት ብከራከር ሌላዋ ጎረቤት ገብታ ትለካለች። እዚህ ማንም ስለማያውቀኝ እውነቱን ልናገር።

ፎቶውን ከማየትሽ በፊት ጨርቁን እዪ። ስልክ ላይ የምታዪው ቀሚስ ብዙ ጊዜ በሚሳብ ወይም እንደ ውሃ በሚወርድ ጨርቅ የተሠራ ነው። አንቺ የምትገዢው ሸማ ጥጥ ነው፣ በእጅ የተሸመነ ነው፣ አይሳብም። ሰውነትሽ ሲንቀሳቀስ አብሮሽ አይሄድም፣ ወይ ይይዝሻል ወይ ይለቅሻል። ኮርሴት ደግሞ ውስጡ እንደ ዘንግ ያለ ማጠንከሪያ ገብቶበት፣ ከሰውነት ላይ ተለክቶ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ የሚሠራ ነገር ነው። ለበዓል ጥድፊያ እኛ የምናስገባው ፕላስቲክ ነው። ስትቀመጪ ይታጠፋል፣ ታጥፎ አይመለስም፣ ከዚያ ወይ ብብትሽን ወይ ሆድሽን ሲወጋሽ ይውላል። ይሄንንም ተዪው። አንቺ ታጠቢያለሽ። የሚያጠባ ጡት ጠዋትና ከሰዓት አንድ ልክ የለውም። ጠዋት የለካሁልሽ ከሰዓት አይዘጋም። ልጅቷ ስታለቅስስ ከጀርባሽ ያለውን ክር ማን ይፈታልሻል? ታቦት እያለፈ?

ሜርሜዱን አልመክርሽም። አሻንጉሊቷ አትራመድም። ጉልበት ላይ የጠበበ ቀሚስ እርምጃሽን በግማሽ ነው የሚቀንሰው፣ ከተራ ላይ ደግሞ ሕዝቡ በራሱ እርምጃ ነው የሚወስድሽ። በዚያ ላይ ሜርሜድ የሚያርፈው ዳሌ ላይ ነው። ዳሌ ሲያጣ ሆድ ላይ ያርፋል።

ኬፕና ፊኛ እጅጌ ሁለቱም ጨርቅ የሚጨምሩት ትከሻ ላይ ነው። ትከሻዋ ጠበብ፣ ዳሌዋ ሰፋ ላለ ሴት ግሩም ነው፣ ያመጣጥናታል። አንቺ ግን ዣንጥላ ነኝ ካልሽ፣ ዣንጥላ ላይ ዣንጥላ መዘርጋት ነው። አትቀየሚኝ።

እኔ ብሆን የምሠራልሽ ይሄንን ነው። ወገቡ ላይ የማይቆረጥ ቀሚስ። ከብብት አካባቢ ጀምሮ እስከ ታች በቁመት የተሰፋ፣ ከዳሌ በታች በየስፌቱ ትንሽ ትንሽ እየሰፋ ሄዶ ክሎሽ የሚሆን። ደረትሽ ላይ ልክ፣ ሆድሽ ላይ ነካ አድርጎ የሚያልፍ፣ ታች ላይ የሚዘረጋ። ታች ሲዘረጋ ትከሻሽ የሰፋ አይመስልም፣ ዳሌም ያለሽ ይመስላል። የእኛ ጨርቅ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እየወረወረ ነው የሚሸምነው። ስለዚህ የጨርቁ ስፋት ክንዱ ከሚደርስበት አያልፍም። ነጠላ እንኳ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ተጋጥሞ ነው የሚሰፋው። ጠባብ ጠባቡን በቁመት ስትገጣጥሚ ስፌቱ ራሱ መስመር ይሆናል፣ ዓይን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ 1 ሜትር ከ56 የነበርሽው ትንሽ ትመዢያለሽ። ጨርቁን አጣጥፎ ወገብ ላይ ሽንሽን ካደረገው ግን ተጠንቀቂ። በወፍራም ፈትል የተሠራ ሽንሽን ቦርጭ ላይ ሌላ ቦርጭ ነው።

ጥለቱንም በቁመት አስወርጂው። ከአንገት እስከ ታች ሁለት ቀጭን መስመር፣ በመካከላቸው የተደበቀ ዚፕ። ማንም አያየውም፣ ልጅቷ ስትፈልግ ትከፍቺዋለሽ። ወገብሽን በአግድም የሚዞር ጥለት አይግባ፣ የሰው ዓይን እዚያ ላይ ይቆማል። እጅጌው ደግሞ ከክርን ትንሽ ዝቅ ብሎ ይለቅ። እጅጌ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ዓይን ይቆማል፣ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። አንጓ ላይ ሰፊ ጥለት ካደረግሽ እጅሽን ስታወርጂው ጥለቱ ከዳሌሽ ጎን ነው የሚያርፈው፣ ለአንቺ ክፉ አይደለም፣ ግን ልጅ ይዘሽ ወጥ ውስጥ ይገባል።

ሁለት ነገር ደግሞ ሰፊሽን እዘዢው። አንደኛ ጨርቁ ሳይቆረጥ ውሃ ይንካው፣ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ከተሰፋ በኋላ ከተሰበሰበ ቀሚሱ የእህትሽ ልጅ ነው የሚሆነው። ሁለተኛ ግራና ቀኝ ስፌቱ ውስጥ ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ይተውልሽ። ጡት ስታስጥይ ይጠበባል። ሦስተኛ ከመጣም ይሰፋል።


ሽክ በይ፦

ባለመርፌው ጎበዝ ነህ፣ ግን ይሄ የነገርካት ቀሚስ አክስቴ አላት። አዲሱ ፋሽን የቱ ጋ ገባ?


ባለመርፌው፦

አክስትሽ ጥለቱን ታች ላይ በአግድም ነው ያደረገችው፣ እሷን ጠይቂያት። ፋሽን ስትይ ግን ሙሉውን መውሰድ ግድ ነው እንዴ? ከኮርሴቱ በቁመት የሚወርደውን ስፌት ወስጃለሁ። ከኬፑ ደግሞ ከኋላ የሚወርደውን ቀጭን ጨርቅ መውሰድ ይቻላል፣ ከትከሻ ሳይሆን ከአንገት ሥር ጀምሮ፣ ጠበብ ብሎ። ስትራመድ ይንሳፈፍላታል፣ ትከሻዋን አያሰፋም። ለሰርጉ ነው እንጂ ለከተራ አይሆንም፣ ሰው ይረግጠዋል። ስለዚህ በቁልፍ የሚነሳ አደርገዋለሁ።


ሽክ በይ፦

እሺ፣ ይሄ ተመችቶኛል። ዝም ብያለሁ።


ነጠላዬን አቀብሉኝ፦

ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያን ነው የምትሄደው! ነጠላ ትለብሳለች። ነጠላው ትከሻዋን፣ ደረቷን፣ እጅጌዋን፣ አንዳንዴ ወገቧን ጭምር ይሸፍነዋል። አንገቱ ላይ ያ ሁሉ ጥልፍ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ከነጠላ ሥር ነው የሚውለው። እኔ ሦስት ዓመት ተቃጥዬ ነው የገባኝ። ከተራ ላይ ሰው የሚያየው ፊትሽን፣ ነጠላሽን፣ ከጉልበት በታች ያለውን ቀሚስሽን ነው። ገንዘብሽን እዚያ አውጪው። እንደውም ቀሚሱን ቀለል አድርገሽ ነጠላውን ግሩም አድርጊው፣ ነጠላ ቦርጭ አያውቅም።

ታች ላይ ያለውን ጥለት ግን ሰፊ አታድርጊው። አጭር ነኝ ብለሻል። እኔም አጭር ነኝ። አንድ ጊዜ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ጥለት አሰፍቼ በፎቶ ላይ ሳየው ከወገቤ ተቆርጬ መሬት ላይ የተተከልኩ ነው የምመስለው። አራት ጣት ይበቃል።


ባለመርፌው፦

ትክክል ነሽ፣ ነጠላውን ረስቼው ነበር። ልክ ስትለካም ነጠላዋን ይዛ ትምጣ። ነጠላው ከቀሚሱ ጋር በአንድ ክር ካልተሠራ ነጩ አይገጥምም፣ አንዱ ወተት ይመስላል አንዱ ቅቤ። ጥለቱን ስትመርጥ ደግሞ ከሱቁ ውጪ አውጥታ ፊቷ አጠገብ ይዛ በፀሐይ ትየው። ሱቅ ውስጥ በአምፖል ወርቃማ የሚመስለው ክር ውጪ ሲወጣ ሰናፍጭ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ክሩንም በነጭ እርጥብ ጨርቅ አሸት አድርጋ ትሞክረው። ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከቀረ በመጀመሪያው እጥበት ነጩ ላይ ይሄዳል።


ፍሬሽ ተማሪ፦

ሽፎንስ ለምን አይሆንም? ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ አያወፍርም። እኔ ያለኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው የምጠይቀው።


ባለመርፌው፦

እውነት እንነጋገር ከተባለ ክሎሽ ሽፎን ላይ ከሸማ ይልቅ በደንብ ይወርዳል። ቅርጽ ላይ አልከራከርሽም። ሰርግ አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ልበሺው፣ ያምርብሻል (ይሄኛው የእውነት ነው)። የሸማኔው እንጀራ ላይ የመጣ ነገር ስለሆነ ልቤ አይወደውም እንጂ። ለከተራ ግን ከእሳት ጠብቂው። ሽፎን ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ክር ነው፣ ጧፍ ሲነካው ይቀልጣል፣ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ብርድም አይከላከልም። ውስጡ ጥሩ ገበር ከሌለው ደግሞ ፀሐይ ከኋላሽ ስትሆን ሁሉም ነገር ይታያል።


ነጠላዬን አቀብሉኝ፦

የሚያሳይ ነጭ ከሆነ ከውስጥ ነጭ አትልበሺ! ነጭ ከነጭ ሥር ይበልጥ ነው የሚታየው። የቆዳሽን ቀለም የሚመስል ልበሺ። ይሄን የነገረችኝ ሴትዮ ትባረክ።


ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከአሜሪካ ልግባ። እኛ እዚህ ቀሚስ የምናመጣው በሰው ነው፣ ሻንጣ ላይ ቦታ ያለው ሰው ሲገኝ። ልክ ላይ ጥንቃቄ አድርጊ፣ እህቴ። የመጀመሪያውን ሳሰፋ ቤት ባገኘሁት ሜትር በኢንች ለክቼ ቁጥሩን ብቻ ላኩለት። ደረት 38፣ ወገብ 33። ሰፊው በሳንቲም ነው የሚያስበው። ደውሎ "እመቤት፣ ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?" አለኝ። ደግነቱ ደወለ።

በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ራሴን ለካሁ። ራስሽን ስትለኪ ታጎነብሻለሽ፣ ሜትሩ ይላላል፣ ሆድሽንም ሳታውቂው ወደ ውስጥ ትስቢያለሽ። ቀሚሱ ሲመጣ ያንን የሳብኩትን ሆድ ይፈልጋል። አሁን ጓደኛዬ ናት የምትለካኝ፣ በዕለቱ የማደርገውን ጡት ማስያዣና ጫማ አድርጌ። ታኮ ካደረግሽ ቀሚሱ ያጥራል፣ ካላደረግሽ መሬት ይጠርጋል። ጠይሟ፣ ጃንሜዳ በታኮ እንዳትሄጂ ብቻ።

ስለ ኬፕና ፊኛ እጅጌ ደግሞ እኔም ልጨምር። እዚህ ጥምቀት የሚውለው በጃንዋሪ አጋማሽ ነው፣ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ኮት መደረብ ግድ ነው። ኬፕ ላይ ኮት አይለበስም፣ የተነፋውም እጅጌ ኮት ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የተጨማደደ ካልሲ ነው የሚመስለው። ጥምቀትን በብርድ አገር የምታከብሩ ሁሉ ይሄን ያዙ።


የባንኳ ልጅ፦

ከርዕስ ወጣሁ ይቅርታ፣ ግን እዚህ የሚያውቅ ሰው ስላገኘሁ ነው። ለሥራ ሰፊ ሱሪ ልግዛ? ሁሉም ሰው ለብሶታል። እኔም አጭር ነኝ፣ ለአጭር አይሆንም ይላሉ።


ሽክ በይ፦

ይሄን ለእኔ ተዉልኝ። ለአጭር አይሆንም የሚባለው ውሸት ነው። እኔ 1 ሜትር ከ54 ነኝ፣ ሦስት አለኝ። ከእምብርት ከፍ ብሎ የሚታሰር ይሁን፣ ርዝመቱ ጫማሽን ሸፍኖ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ያብቃ። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያልቀው ነው የሚያሳጥርሽ። የምትለብሺበትን ጫማ ይዘሽ ሄደሽ ሱቁ ውስጥ አስለኪው፣ በኋላ አስቆርጣለሁ ካልሽ አታስቆርጪውም፣ አውቅሻለሁ። ከላይ ደግሞ ጠበብ ያለ ነገር፣ ሱሪው ውስጥ የገባ። ላይም ታችም ሰፊ ከሆነ የወንድምሽን ልብስ የለበስሽ ነው የምትመስዪው። ከጨርቁ ደግሞ ከበድ ብሎ የሚወርደውን ምረጪ፣ ቀለል ያለው ነፋስ ሲያገኘው ባንዲራ ነው።


የጉለሌ ልጅ፦

ለካ ታውቂያለሽ! ታዲያ ያንን ኮርሴት ምን አስነካሽ?


ሽክ በይ፦

አንዳንዴ ሰው ያውቃል ግን ያምረዋል።


እትዬ፦

ልጆቼ እንዴት ዋላችሁ። ልጄ ናት ይሄን ያነበበችልኝ፣ የምትጽፈውም እሷ ናት።

ባለመርፌው ያልከው ሁሉ ደግ ነው፣ እግዚአብሔር እጅህን ይባርከው። ግን መቀነትን የት ጣላችሁት? በእኛ ጊዜ ቀሚስ እንዲህ በልክ አይሰፋም ነበር። ሰፊ ነው፣ ጥሩ ጥጥ ነው፣ ቅርጽ የሚሰጠው መቀነቱ ነው። ስታረግዢ ታላዪዋለሽ፣ ስትወልጂ ጠበቅ። አራስም ብትሆኚ ወገብሽን የሚይዝልሽ እሱ ነው። እኔ አራት ልጅ በሁለት የክት ቀሚስ ነው ያሳደግኩት፣ አንድም ቀን ጠበበኝ ሰፋኝ አላልኩም። አሁን ልጄ በየዓመቱ ታሰፋለች፣ በየዓመቱ አይዘጋም። (ይሄን ስጽፍ እየሳቅኩ ነው፣ ልጇ ነኝ)

መቀነቱን ቦርጭሽ ላይ አትሰሪው፣ ልጄ። ከፍ አድርጊው፣ ከጡትሽ ዝቅ ብሎ ወገብሽ የጠበበበት ቦታ አለ፣ የሌለው ሰው የለም። እዚያ ላይ። ቋጠሮውን ወደ ጎን አድርገሽ ጫፉን ልቀቂው፣ ይውረድ።


የጉለሌ ልጅ፦

ከጡት በታች ከታሰረማ እርጉዝ ያስመስላታል፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔን አንድ ሰርግ ላይ ሁለት ሰው "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" ሊለኝ ነበር፣ ያላረገዝኩትን።


እትዬ፦

ያንቺ በስፌት የተቆረጠ ይሆናል። ስፌት አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ሆድ ከሥሩ ይወጣል። መቀነት በእጅሽ ነው፣ ዝቅ ከፍ ታደርጊዋለሽ፣ መስታወት ፊት ቆመሽ ቦታውን ታገኚዋለሽ። ጠፍጣፋ አድርገሽ እሰሪው እንጂ እንደ ገመድ አትጠምዝዢው።


ባለመርፌው፦

እትዬ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ወገብ ላይ በአግድም አይግባ ያልኩት ጥለቱን ነው፣ መቀነቱ ራሱ እንደ ቀሚሱ ነጭ ከሆነ አይቆርጣትም። ጥለቱ የሚወርደው ጫፍ ላይ ብቻ ይሁን። እንደውም እኔ ከነገርኳት ቀሚስ ጋር ይስማማል፣ ወገቡ ስላልተቆረጠ መቀነቱ የፈለገችበት ላይ ያርፋል። ጡት ስትሞላ ላላ፣ ስትጎድል ጠበቅ። ይሄን እኔ ማሰብ ነበረብኝ።

ጠይሟ፣ ስትሞክሪው ግን መስታወት ፊት ቀጥ ብለሽ ቆመሽ ብቻ አትመለሺ። እዚያው ተቀመጪ። ልጅቷን አንሺ። ጎንበስ ብለሽ ጫማሽን ንኪ። ከዚያ እስክስታ ምቺ፣ አትፈሪ፣ እኛ ለምደነዋል። ብብቱ ጠቦ የተሰፋ ቀሚስ የመጀመሪያው ትከሻ ላይ ነው የሚቀደደው፣ እሱም ሰርግ ላይ ነው፣ ሁሉም ሰው እያየ።


ጠይሟ እናት፦

እናንተ ሰዎች! ሁለት ቀን ጠፍቼ ስመለስ ይሄ ሁሉ። እትዬ፣ እናቴ ዘንድ ሄጄ መቀነት አለሽ ወይ ብላት ከሳጥን ሥር አወጣችልኝ፣ ክርስትናዬ ዕለት ታጥቃው የነበረውን። ትንሽ ቢጫ ብሏል። እንዲያውም ተጣልተን ነበር፣ "ዣንጥላዬ" ያለችኝን እዚህ መጻፌን እህቴ ነግራብኛለች።

ዛሬ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። መነን የሚሉትን ሳሳ ያለውን ሸማ ገዛሁ፣ የፈትሉ ጨርቅ ወፍራም ሆኖብኝ ነው፣ ነጠላውንም ከዚያው ክር አሰርቼዋለሁ። ጥለቱን እየያዝኩ ደጅ ስወጣ ባለሱቁ ይዛ ልትሮጥ ነው ብሎ ተከተለኝ። ወይን ጠጁን መረጥኩ። ወርቃማው እውነትም ውጪ ሲወጣ ሰናፍጭ ሆነ። ሁለት መስመር በቁመት፣ በመካከሉ ዚፕ፣ ታች አራት ጣት፣ ትርፍ ሁለት ሁለት ጣት። ሰፊው ስነግረው ደነገጠ፣ "አንቺም ሰፊ ነሽ እንዴ?" አለኝ። ከአንገት የሚወርደውንም ለሰርጉ እጨምራለሁ፣ ሽክ በይ ደስ ይበልሽ። ኮርሴት አያምርብኝም ወይ ስለው ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ያምርብሻል።"

ቀጠሮዬ ጥር 8 ነው።


ባለመርፌው፦

ጥር 8 ካለሽ ጥር 10 ማታ ማለቱ ነው። ሙያውን ስለማውቀው ነው። ጥር 8 ጠዋት ሂጂና ማሽኑ አጠገብ ቁጭ በይ። ፊቱ የተቀመጠ ሰው ነው ቀድሞ የሚሰፋለት።


ጠይሟ እናት፦

ልጅቷን ይዤ ነው የምሄደው። ድምጿን ሲሰማ ቶሎ ይጨርሳል።